እርሙ ያልወጣ ደራሲ

ደራሲ ሲሞት አንባቢው የት ይቀመጣል? ጥያቄው ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። በአገራችን ለቅሶ ሥርዓትና ቦታ አለው። ቤተ ዘመድ ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል፣ እድርተኛው ወንበር ይደረድራል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ጎራ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይልና ይመለሳል። አንባቢስ? ሟቹን በአካል አያውቀውም። ሟቹም እሱን አያውቀውም። ለቤተሰቡ ሄዶ «ምን ትሆነዋለህ?» ቢሉት «መጽሐፉን አንብቤያለሁ» ብሎ ሊመልስ ነው?

ገጣሚው፣ ጋዜጠኛውና ተርጓሚው ነቢይ መኮንን በ2016 ዓ.ም. ያረፈ ጊዜ ይሄ ጥያቄ በኔ ላይ ደርሷል። ዜናውን ሰምቼ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። እናቴ አየችኝና «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ።

«ነቢይ መኮንን አረፈ።»

«የማን ልጅ ነው? ዘመድ ነው?»

«አይ... የጋዜጣ ሰው ነው።»

እናቴ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ነፍስ ይማር» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አልፈርድባትም። ደርግ ባሰረው ጊዜ እስር ቤት ተቀምጦ ያንን የሚያህል የአሜሪካ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመ ሰው መሆኑን ለሷ እንዴት ብዬ ላስረዳት? እሷ ለቅሶ የምታውቀው በደምና በጉርብትና ነው። ያም ሆኖ ለነቢይ ቀን ነበረው። ሬሳ ነበረ፣ ቀብር ነበረ፣ በሬዲዮ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ፣ የሚያውቁት ሰዎች እያለቀሱም እየሳቁም አወሩ። እኔም ከሩቅ ሆኜ በዚያች ቀን የድርሻዬን አዘንኩና በማግስቱ ወደ ግጥሞቹ ተመለስኩ። ሐዘን ማለት እንዲህ ነው፤ ቀን አለው፣ ያበቃል፣ ወደ ሥራው ትመለሳለህ።

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ነቢይ አይደለም። ቀን የሌለው ሰው ነው። ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ደራሲ በዓሉ ግርማ።

እኔ ከመወለዴ ከሃያ ዓመት በፊት ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው እንዴት «ሞተብኝ» ይባላል? እኔም መጀመሪያ ላይ ይሄንን ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። የሆነው ሆኖ እውነቱ ይሄ ነው፤ ኦሮማይን ጨርሼ የከደንኩ ቀን የተሰማኝ ስሜት፣ ቤት ውስጥ ለሰው የማይነገር ነገር እንዳለ ዓይነት ነበር። መጽሐፉ አለቀ። ሰውየውም በዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ የጻፈው የለም። ሌላውን ደራሲ ሲሞት የሞተበትን ገጽ አታውቀውም፤ የበዓሉን ግን በእጅህ ትይዘዋለህ።

ለማያውቁት ጥቂት ልበል። (በትምህርት ክፍላችን የማያውቀው የለም ትሉ ይሆናል፤ ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ አሳጥረዋለሁ።) በዓሉ ኢሉባቦር ውስጥ ከሕንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። አዲስ አበባ መጥቶ ጄኔራል ዊንጌት ተማረ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ አሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሲመለስ ጋዜጠኛ ሆነ። መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ አዲስ ዘመንን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድን በአዘጋጅነት መርቷል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም! ከአብዮቱ በኋላ እስከ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነት ደርሷል። በዚህ ሁሉ መካከል ስድስት ልብ ወለድ ጻፈ፤ ካድማስ ባሻገር፣ የህሊና ደወል፣ የቀይ ኮከብ ጥሪ፣ ደራሲው፣ ሐዲስ፣ ኦሮማይ። የመጨረሻው በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። እሱ አልተገኘም።

የምናውቀው ይሄን ያህል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ወሬ ነው። የወሬው ብዛት ግን ጉድ ነው! እገሌ ጠርቶት፣ እገሌ ቀጥሮት፣ እዚህ ተቀብሮ፣ እዚያ ታይቶ፣ ገዳም ገብቶ መንኩሶ... እኔ ራሴ ስንቱን ሰምቻለሁ። አንድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ መጽሐፉን እጄ ላይ አይተው ከመገናኛ እስከ አራት ኪሎ ሙሉ ምርመራውን አጠናቅቀው ወርደዋል። ማን እንደገደለው፣ በምን እንደገደለው፣ የት እንደጣለው። ስወርድ «ካድማስ ባሻገርን ግን ወደውታል?» ብዬ ብጠይቃቸው «እሱን እንኳ አላነበብኩትም» አሉኝ።

ዋናው ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው። የበዓሉ አሟሟት መጽሐፎቹን በልቷቸዋል። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ቮልስዋገኗን መንገድ ላይ ያቆማታል፤ ያሳዝናል ሙዚቃ ይለቀቃል፤ «እንቆቅልሹ እስካሁን አልተፈታም» ይባልና ፕሮግራሙ ያልቃል። በ2017 ዓ.ም. ኦሮማይ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ለዓለም አንባቢ ሲቀርብ እንኳ ያየኋቸው ማስተዋወቂያዎች ቀድመው የሚያነሱት መሰወሩን ነው። ይሸጣላ! ደራሲውን የምናውቀው በጠፋበት ሌሊት ሆኗል። እኔ ግን የምለው፣ እንዲህ ያለው ነገር ሐዘን አይደለም። ወሬ ነው። ሐዘን ሰውየውን ያስታውሳል፣ ወሬ ደግሞ አሟሟቱን ብቻ።

«ታዲያ ምን እናድርግ? አሟሟቱ ካልታወቀ እንዴት ስለ ሌላው እናወራለን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሄ ሰው እውነት አለው። ለምን እውነት እንዳለው የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

የአባቴ ታላቅ ወንድም በ1974 ዓ.ም. ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። አያቴን (እማማ ነው የምንላት) ማንም መርዶ አልነገራትም። በኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎህ ሳይቀድ ይመጣሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ ያረዳሉ፣ ከዚያ እሪ ይባላል። ለአጎቴ ግን የመጣ ሽማግሌ የለም። ወረቀት የመጣላቸው ነበሩ፤ ለእማማ ወረቀትም አልመጣላትም። ስለዚህ አላለቀሰችም። አርባም አላወጣችም፣ ተዝካርም አላወጣችም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር እግሩ እስኪላጥ እየተጓዘ ወደየቀዬው ሲገባ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ፊታቸውን ታይ እንደነበር አባቴ ይናገራል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለቅሶ ይቀመጡ ሲሏት «ማን ነገረኝና?» ነበር መልሷ። እርሟን ሳታወጣ ዕድሜዋ ገፋ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ኦሮማይን ቤት ይዤ ስገባ ጮክ ብዬ ማንበብ እወድ ስለነበር እማማ ትሰማኝ ነበር። የፍቅሩን ክፍል ስትሰማ ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ ትስቃለች፣ ወደ ውጭ እንደመውጣትም ትላለች። የግንባሩ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን «ቆይ እስቲ... ናቅፋ ይላል እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ ይላል።»

«መጽሐፉ ላይ ተጽፏል?»

«ተጽፏል እማማ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ምዕራፍ አስነበበችኝ። ጠላት ምሽግ ያለውን ተራራ፣ ሽቅብ የሚወጣውን ወታደር፣ ውሃ ጥሙን። በየመሀሉ «ብርዱስ? ብርድ አለው ይላል?» እያለች ትጠይቀኛለች። በመጨረሻው ቀን ምንም ሳትናገር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ብዙ አለቀሰች። ያለ ድምጽ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አገኛት። እሱም ምንም አልጠየቀም፣ ጫማውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ቄስ አስጠርታ የልጇን ስም ለፍታት ሰጠች። እማማ ባለፈው ዓመት አርፋለች፤ ነፍሷን ይማረው።

መንግሥት ያላመጣውን መርዶ አንድ ልብ ወለድ አመጣው። ያንን መርዶ ያደረሰው ሰው ደግሞ ለራሱ መርዶ ነጋሪ አላገኘም። ይሄን ሳስብ ነው «ከመወለዴ በፊት የሞተ ሰው» የሚለው ክርክር ውሃ የማያነሳልኝ።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ትምህርት ላይ ስለ ዜና ዕረፍት ስንማር ለበዓሉ እንዴት ተደርጎ ዜና ዕረፍት ሊጻፍ እንደሚችል ለራሴ ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ግሱ ያዘኝ። «አረፈ» አይባልም፣ በምን ማስረጃ? «ተገደለ» ብትል ማን ገደለው፣ መቼ፣ የት የሚለው ይከተላል፤ ዓምስቱን የ«መ» ጥያቄዎች መመለስ አትችልም። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት «ተሰወረ» የሚለውን ነው። እስቲ ይሄን ቃል ጠጋ ብላችሁ እዩት። በአማርኛ የሚሰወረው ማነው? ጻድቅ ነው። ቅዱስ ያሬድ ሰሜን ተራራ ላይ ተሰወረ ይባላል። ቃሉ ራሱ ክብር አለው፣ ፈቃድ አለው፣ ምሥጢር አለው። በዓሉን «ተሰወረ» ስንለው ሳናውቀው በራሱ ጸጋ እንደ ሄደ አደረግነው። የሰወረው አካል ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ራሱ ተሰወረ!

«ደብዛው ጠፋ» የሚለውም ያው ነው። የሚጠፋ በግ ነው፣ የሚጠፋ ቁልፍ ነው። ሰው ሲጠፋ ያጠፋው አለ። ሆኖም «ሰወሩት» ብለን ብንጽፍ ደግሞ «እነማን?» የሚል አርታዒ ፊታችን ይቆማል፤ መቆሙም ተገቢ ነው። ሁላችንም የምንገምተው ነገር በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ ነገር ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ እኔ የደረስኩበት ግስ ይሄ ነው፤ «ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም»። የሚያምር አይደለም። ሙዚቃ አይለቀቅበትም። ግን እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፣ ማንንም ጻድቅ አያደርግም፣ ማንንም ያለማስረጃ ወንጀለኛ አያደርግም፣ የሚጠብቅ ቤተሰብ እንዳለም ይናገራል። እናቶች የሚሉትም ይሄንኑ ነው። እማማ አጎቴን «ተሰወረ» ብላው አታውቅም። «ሄደ፣ አልመጣም» ነበር የምትለው። በኔ እይታ ከብዙዎቻችን የተሻለ ዜና ጸሐፊ ነበረች።

እዚህ ላይ የክፍል ጓደኛዬን ክርክር ሳላነሳ ባልፍ ትክክል አይሆንም። (ስሙን አልጠቅስም፤ ራሱን ያውቃል።) እንዲህ ነበር ያለኝ፦ «አንቺ በዓሉ በዓሉ ትያለሽ፤ ሰውየው የደርግ ባለሥልጣን አልነበረም ወይ? ማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ማለት ምን ማለት ነው? ያን ሁሉ ዓመት ፕሮፓጋንዳውን ሲመራ ኖሮ መጨረሻ ላይ እሳቱ ሲደርስበት ነው ጀግና የሆነው። ያን ዘመን ስም የሌላቸው ስንት ልጆች አልቀዋል፤ ለነሱ ማን ጽሑፍ ጻፈ?»

ይሄ ከባድ ነገር ነው፤ በ«አይ፣ እሱ እኮ ውስጡ ተቃዋሚ ነበር» በሚል ሽፋን ሊታለፍ አይገባውም። በዓሉ ባለሥልጣን ነበር። የቀይ ኮከብ ጥሪን ያነበበ ሰው ለአብዮቱ ልቡ ክፍት እንደነበር ያውቃል። ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ የወረደውም በቱሪስትነት አይደለም፣ የቅስቀሳው ሥራ አካል ሆኖ ነው። ይሄን ቆርጠን ጥለን «ሰማዕት» ብቻ ካደረግነው ሌላ ሰው ነው የምናለቅሰው።

የኔ መልስ ግን ኦሮማይ ራሱ ውስጥ አለ። ጸጋዬ ኃይለማርያም፣ የልብ ወለዱ ተራኪ፣ ጋዜጠኛ ነው። የቅስቀሳው አካል ነው። ካሜራና ማይክሮፎን ይዞ ድል እንደሚዘግብ ተማምኖ ሄደ፤ ያየው ሌላ ሆነ። በዓሉ ጸጋዬን ከጥፋቱ ነጻ አድርጎ አልሳለውም። ከውጭ ሆኖ የሚፈርድ ንጹሕ ሰው አድርጎም አልሳለውም። እዚያው ውስጥ ያለ፣ የሚጠጣ፣ የሚዋሽ፣ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ አስቀምጦ አስመራ ላይ ፊያሜታን የሚያፈቅር፣ ባለሥልጣናት ጋር ቁጭ ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው ነው። ንጹሕ ሰው ያየውን ቢናገር ምን ይደንቃል? እዚያው ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦ፣ ደመወዙን እየበላ፣ ያየውን የጻፈ ነው የሚገርመው። ርዕሱም ራሱ ከጣልያንኛ አስመራ የገባ ቃል ነው፤ አበቃ፣ ከእንግዲህ የለም እንደማለት። ዘመቻው ናቅፋን ሳይይዝ ቀረ። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ይህን አልነገሩንም። የመገናኛ ብዙኃኑ አለቃ ነገረን፣ በልብ ወለድ።

ስም የሌላቸውን ልጆች በተመለከተ ጓደኛዬ የተናገረው ላይ የምጨምረው የለኝም። ትክክል ነው። ግን ለአንዱ ማልቀስ ለሌላው እንዳይለቀስ አያደርግም፤ እማማ ለልጇ ያለቀሰችው በሌላ ሰው መጽሐፍ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ስለ እሱ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ። «ደራሲው» የሚለው ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ሲራክ የተቀዳው ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር ነው ይባላል፤ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ስብሐት በየካቲት 2004 ዓ.ም. አረፈ። ሽበቱ ወርዶ፣ ልጆችና ወጣት ደራሲያን ከበውት፣ ሲያወራ ኖሮ ሲያወራ። የተቀባው ሰው ሥዕሉን ከቀባው ሰው ሃያ ስምንት ዓመት አብልጦ ኖረ። ሁለቱም የካቲት ናቸው። ለአንደኛው ሥርዓተ ቀብር ተደርጎለታል። የሌላኛው መቃብር አልታወቀም፤ በዓሉ ቢኖር ኖሮ እሱም ሽማግሌ ሆኖ ዛሬ ምን ይጽፍ ነበር ብሎ መጠየቅ ከባዶ ምኞት ቢቆጠርም እኔ መጠየቄን አልተውኩም። ያ ሁሉ ያልተጻፈ መጽሐፍ የማን ነው? የቤተሰቡ ሐዘን የቤተሰቡ ነው፤ ባለቤቱና ልጆቹ የከፈሉትን እኛ ከፍለናል ብንል ነውር ነው። ያልተጻፉት መጻሕፍት ግን የአንባቢ ናቸው። አንባቢ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥበት ቦታ ካለ እዚህ ላይ ነው።

ደግነቱ ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ። እንዳለጌታ ከበደ በዓሉ ግርማ፣ ሕይወቱና ሥራዎቹ በሚል ጥሩ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አዘጋጅቷል፤ በርዕሱ ላይ «ሥራዎቹ» የሚለው ቃል መኖሩን ልብ በሉልኝ። በስሙም ፋውንዴሽን ተቋቁሟል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን ምን አደረግን? በሁለት ዓመት ውስጥ በክፍል ያነበብነውን የጋዜጣ ጽሑፍ ስቆጥረው አብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነው። የውጭውን መማራችን አልከፋኝም፣ ይጠቅማል። ግን መነንና አዲስ ሪፖርተር ላይ በዓሉ ያዘጋጀውን አንድ ገጽ እንኳ ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሰጠን መምህር የለም። የድሮ መጽሔቶች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ጠጥተው ተቀምጠዋል። ልብ ወለዶቹን በኋላ ማንም ቢሆን ያነባቸዋል፤ አርታዒነቱን ግን ከኛ በቀር ማን ያነበዋል? አንድ ሰው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜው በሁለት ቋንቋ መጽሔትና ጋዜጣ እየመራ እንዴት ልብ ወለድ እንደጻፈ፣ የዜና ዓረፍተ ነገሩ እንዴት ወደ ልብ ወለዱ እንደገባ (ኦሮማይ ውስጥ አጭር አጭር የሚመታው ዓረፍተ ነገር ከየት መጣ?) ለማጥናት ከኛ የቀረበ ሰው የለም። ለአራተኛ ዓመቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ በነጻ ሰጥቻችኋለሁ።

መምህራኖቻችን እንዳይቀየሙኝ፤ የጊዜና የመጽሐፍ ችግር መሆኑን አውቃለሁ። ኦሮማይን ያገኘሁት እኔም ከመንገድ ዳር መጽሐፍ አዟሪ ነው፤ ሽፋኑ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ሁለት ቅጠል የጎደለው። የጎደለውን ከጓደኛዬ ስልክ ላይ ከቴሌግራም አውርደን በእጄ ገልብጬ መሐሉ ላይ አስገባሁት። መጽሐፉ ታግዶ በነበረበት ዘመን ሰዎች በድብቅ እያባዙ፣ በውድ ዋጋ እየገዙ ያነቡት እንደነበር ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያኔ ታግዶ ያነበቡትን ዛሬ ተፈቅዶልን ካላነበብነው፣ የካቲት በመጣ ቁጥር «እንቆቅልሽ» እያልን ብናለቃቅስ የሚሰማን ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። የፊታችን የካቲት 6 ከሰዓት በኋላ፣ ክፍል ከሌለን፣ በትምህርት ክፍላችን አንዱ ክፍል ውስጥ እንሰባሰብ። ሻማ አያስፈልግም፣ ንግግርም አያስፈልግም፣ የክብር እንግዳ አንጠራም። ስለ ቮልስዋገኗ ማውራት አይፈቀድም፤ ይሄ የኔ ጥብቅ ደንብ ነው። ማን ገደለው የሚል ሰው ቡና ይጋብዛል። ተራ በተራ ከስድስቱ መጻሕፍት እናነባለን፣ ጮክ ብለን። ካድማስ ባሻገር ውስጥ አበራ ወርቁ ሰዓሊ ልሁን አልሁን እያለ የሚሰቃይበትን ክፍል ሥራ ፍለጋ የሚያስጨንቃቸው ተመራቂዎች ቢያነቡልን ደስ ይለኛል። ሐዲስ ሳህሌን ደግሞ ከገጠር የመጣ ሰው ያንብበው፤ ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚለፋን መምህር ድምጽ የከተማ ልጅ ያበላሸዋል። የናቅፋውን ምዕራፍ እኔ አነባለሁ፣ እሱን ለማንም አልሰጥም። ከመምህራን መካከል በ1975 ዓ.ም. አካባቢ አድጎ መጽሐፉ ሲሰበሰብ የሚያስታውስ ካለ መጥቶ ይንገረን፤ ያየውን ብቻ፣ የሰማውን ሳይሆን።

መጽሐፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የኔ ኦሮማይ ሁለት ቅጠሉ በእጅ ጽሑፍ ስለሆነ የተሻለ ቅጂ ያለው ሰው ቢገኝ ጥሩ ነው። ደራሲውንና የቀይ ኮከብ ጥሪን ከዶርም ጓደኞቼ አግኝቻለሁ። የህሊና ደወል ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ ያለው ሰው ካለ ለአንድ ቀን ያውሰኝ፣ በጋዜጣ ሸፍኜ እመልስለታለሁ።